«ገባችሁ?» የማይባልበት ክፍል

ሰኞ፣ ጥቅምት 5

ሐኪሙ «ጠመኔ» የምንለውን የሒሳብ መምህራችንን እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ አንድ ቃል እንዳይናገር ከልክሎታል። ሹክሹክታም ጭምር። ጉሮሮው ውስጥ፣ ድምፅ የሚወጣበት ቦታ ላይ እብጠት ተገኝቷል። ካረፈ ይጠፋል፤ ካላረፈ ቢላ ነው።

የቀረው እንደ ወትሮው። የመምህራን ክፍሉ መስኮት አሁንም አይገጥምም። ማባዣ ማሽኑ ወረቀት ነክሶ ቀረ። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስለ ኩላሊት ማስተማር ጀምሬ መሐል ላይ ቆም አልኩ። ምን ጎደለ? ከቀኝ ግድግዳ ወዲያ ሒሳብ የለም። ስንት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩት በጠመኔ ድምፅ ታጅቤ ነው። «ገባችሁ?» ይላል እሱ። «አዎ!» ይላሉ ልጆቹ፣ እንደ አንድ ሰው። የእኔ መስኮት ይንቀጠቀጣል።

ዛሬ ምንም።

በእረፍት ሰዓት የስፖርት መምህሩ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ዝም አይነቅዝም።» ጠመኔ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ ነጭ አቧራ ከማያጣው ጃኬቱ ወረቀት አውጥቶ በትልቁ ጻፈ፦ «መምህር ግን ይነቅዛል።»

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ርዕሰ መምህሩ ሁለታችንን አስጠራን። እኔን ለምን? የጠመኔን ጽሑፍ እንዳነብ መሆኑ ነው።

ርዕሰ መምህሩ የጠመኔ የድሮ ተማሪ ነው። እስካሁን ጠመኔ ቆሞ እሱ መቀመጥ አይሆንለትም። ጠመኔም አልቀመጥም አለ። ስለዚህ ሦስታችንም ቆመን ተነጋገርን።

«ጋሼ፣ ክፉ ያሰብኩብዎት እንዳይመስልዎት…» ብሎ ጀመረ። እንዲህ የጀመረ ነገር መጨረሻው ይታወቃል። ማስተማር ያልቻለ መምህር ወደ ንብረት ክፍል ይዛወራል፤ ደንቡ ነው። የአስረኛ ክፍል ተማሪዎቹ ለሌሎቹ ክፍሎች ይከፋፈላሉ። እነዚያ ክፍሎች ደግሞ ከአሁኑ በአንድ ወንበር ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ ትልቁ ፈተና አለባቸው።

ጠመኔ ጻፈ፣ እኔ አነበብኩ፦ «ንብረት ክፍል ገብቼ ምን ልሥራ? ኳስ ልንፋ?»

ርዕሰ መምህሩ ሊስቅ ብሎ ተወው። «ታዲያ ያለ ድምፅ እንዴት ይሆናል? እርስዎ ማለት እኮ ድምፅ ነዎት ጋሼ።»

እዚህ ላይ አፌ ቀደመኝ። ያለ ድምፅም ያስተምራል አልኩ። ኢንተርኔት ላይ ለመምህራን በነጻ የተለቀቀ ስንት ነገር አለ፤ እኔ ራሴ ኩላሊቱን የማሳየው ከዚያ ባወረድኩት ተንቀሳቃሽ ሥዕል ነው፤ የኮምፒውተር ክፍሉ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው…

እሺ፣ ይሞከር ተባለ። ሱፐርቫይዘሯ ኅዳር መጨረሻ መጥተው ክፍሉን ያያሉ። ሪፖርታቸውን አይቶ የሚወስነው የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ነው። ወይ ክፍሉ፣ ወይ ኳሱ።

ኮሪደሩ ላይ ጠመኔ ወረቀት አሳየኝ። «አንቺ፣ አሁን ምን ውስጥ ከተትሽኝ?»

እንጃ። ግን ይሆናል። እንደሚሆን ይሰማኛል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ከሥራ መልስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። «ለመምህራን በነጻ» ብዬ ጻፍኩ… ጎርፍ። የትምህርት ቪዲዮ፣ የተዘጋጀ ፈተና፣ ማንም አውርዶ እንዲያባዛቸው የተፈቀዱ መጻሕፍት፣ ጽሑፍ የሚያነብ ማሽን፣ ሁሉም በየስክሪኑ የሚያየው ሰሌዳ። ግማሹ ነጻ የሆነው በሩ ላይ ብቻ ነው። ገባ ሲሉ ይመዘግባል፣ ያሞግሳል፣ ከዚያ የሚፈለገውን ነገር ቆልፎ ያሳያል። ሌላው ግን የእውነት ነጻ ነው። የሆነ ቦታ አንድ እንደ እኔ ያለ መምህር ቁጭ ብሎ ሠርቶ፣ ውሰዱ ብሎ የተወው። ሁለቱን መለየት ይቻላል፤ ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

ባለቤቴ ከፈረቃው ገብቶ ከኋላዬ ቆመ። ቀኑን አውቶቡስ ሲነዳ ይውልና ማታ ሰው በነገር መንካት ያምረዋል።

«ለማነው ይሄ ሁሉ?»

ለጠመኔ። እንዳይናገር ታዟል።

«ታድሎ! ሳይታዘዝ ዝም ብሎ የሚኖር ባል እያለ ለእሱ ትደክሚያለሽ?»

ዝም ብሎ ነው እንግዲህ ይሄ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

የኮምፒውተር ክፍሉ ከእኔ ክፍል በግራ በኩል ነው። ጠመኔ ከቀኝ ግድግዳ ወደ ግራ ግድግዳ ተዛወረልኝ። የክፍሉ ኃላፊ፣ ሽቦ ከአንገቱ ስለማይጠፋ «ገመድ» የምንለው፣ ቁልፉን ሲሰጠን ልጁን የሚድር ይመስል ነበር። «እጃቸውን ይታጠቡ። ማስቲካ የለም። የተበላሹትን አትንኩ።» ደህናዎቹን ኮምፒውተሮች ልጆቹ ለሁለት፣ ለሦስት ሆነው ያዟቸው።

መጀመሪያ የሞከርነው ቪዲዮ ነው። ረጋ ያለ ሰው፣ ጥሩ ድምፅ፣ ንጹሕ ማብራሪያ። ከኋላ ያሉት አንቀላፉ። ጠመኔ ጥግ ላይ ተቀምጧል… የቀድሞ እጮኛው ሠርግ ላይ የተጠራ ሰው መስሎ። ወረቀቱን አቀበለኝ፦ «ሰውየው ጎበዝ ነው። አልወደድኩትም።»

ቪዲዮው ጥፋት የለበትም። እቤቱ ለሚከልስ ልጅ ወርቅ ነው። ክፍል ውስጥ ግን ማን እንደተኛ አያይም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 14

ጽሑፍ የሚያነበው ማሽን። ጠመኔ ይጽፋል፣ ማሽኑ ይናገራል። ልጆቹ ደወል እስኪደወል ሳቁ።

«አፍንጫዋን ይዛ የምታወራ አክስት አለችኝ» ብሎ ጻፈልኝ። «እሷን ነው ያመጣሽብኝ።»

በመጨረሻ ልማዱ አልለቅ ብሎት «ገባችሁ?» ብሎ ጻፈ። ማሽኑ ያለ ጥያቄ ድምፅ፣ እንደ ባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ፣ «ገባችሁ» አለ። «አዎ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። ምን እንደገባቸው እግዜር ይወቅ። እስከዚያች ደቂቃ የተማሩት ነገር አልነበረም።

አርብ፣ ጥቅምት 16

ጠመኔ ንብረት ክፍሉ በር ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ሲያይ አየሁት። ሳልጠራው አለፍኩ። ብጠራውስ በምን ይመልስልኛል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ዛሬ የጋራ ሰሌዳው ተራ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ጠመኔ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ይሥላል፤ ልጆቹ በየስክሪናቸው ያያሉ። ሊንኩን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጠዋት፣ ፈተና እያረምኩ፣ በችኮላ።

ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በግራ ግድግዳ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ ወንበር ሲጎተት። ከዚያ የባሰ ሳቅ። ተማሪዎቼን «መጣሁ» ብዬ ሮጥኩ።

የጠመኔ ትሪያንግል ጺም አብቅሏል። ወፍራም፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ ጺም። ከጎኑ «ጋሼ ናፈቁን» ተጽፏል። ከታች የሁለት ቡድን ደጋፊዎች ይሰዳደባሉ። ወዲያው ገባኝ። ሊንኩን ስለቅ «ማየት ብቻ» ማለት ሲገባኝ «ሁሉም መጻፍ ይችላል» የሚለውን ትቼዋለሁ። ለመምህር የሚሆን ስህተት ነው? ጠመኔን ለሠላሳ ምናምን ጎረምሳ አሳልፎ መስጠት!

«ልዝጋው» አልኩ። እጄን ያዘኝ። በጣቱ ስክሪኑን አሳየኝ። ጺሙን ሳይሆን ጥግ ጥጉን።

ግማሾቹ ልጆች ከቀልዱ ጎን ጥያቄውን እየሠሩት ነበር። እያንዳንዱ በየጥጉ። ሁሉም የድምር ካሬ ላይ አንድ ዓይነት ስህተት ተሳስተዋል። ሦስትና አራት ሲደመሩ ሰባት ነው፤ ሰባት በሰባት አርባ ዘጠኝ። እነሱ ግን ሦስቱን ለብቻው፣ አራቱን ለብቻው በራሱ ያባዙና ዘጠኝና አሥራ ስድስት ደምረው ሃያ አምስት ይላሉ። በቁጥር ሳይሆን በፊደል ስለተጻፈ ለማንም አልታየም። ጎበዝ የሚባለው ልጅም እዚያው ውስጥ ነበር።

ጠመኔ ደወሉ እስኪደወል ከስክሪኑ አልተነቃነቀም። ከዚያ ጻፈልኝ። «ይህንን አምና አስተምሬያቸዋለሁ። ገባችሁ ብያቸዋለሁ። አዎ ብለውኛል።»

እኔም በግድግዳ በኩል ሰምቻለሁ። በጣም ያማረ «አዎ» ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 21

ሰሌዳውን ልቆልፈው ብዬ ስመጣ ጠመኔ አስቀድሞ ገብቷል። ሰሌዳውን በመስመር ከፋፍሎታል። መሐሉ የእሱ፣ ጥጋ ጥጉ የልጆቹ። በእያንዳንዱ ጥግ የኮምፒውተሩ ቁጥር ተጽፏል። ከታች ደግሞ አንድ ባዶ ትሪያንግል… «ጺም እዚህ ብቻ» ይላል።

ጥያቄ ይጽፋል። ልጆቹ በየጥጋቸው ይሠራሉ። እሱ ከጥግ ጥግ በዓይኑ ይዞራል። ስህተት ያየበት መስመር ላይ ቀይ ነጥብ ያስቀምጣል። አይሰርዝም፣ አያርምም። ነጥብ ብቻ። ልጆቹ ነጥቡ ላይ ተደፍተው ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ያገኘዋል። ነጥቡ ይጠፋል።

ስንት ነገር ሞከርን… የሠራው ሳላስበው ክፍት የተውኩት በር ሆነ።

አርብ፣ ጥቅምት 23

ርዕሰ መምህሩ በበሩ መስታወት ሲያይ ቆይቶ እኔን በጎን ጠራኝ።

«አንዱ የሌላውን እያየ ነው እኮ። ኩረጃ አይደለም?»

ለጠመኔ ነገርኩት። መልሱን ወረቀት ላይ ጽፎ ራሱ ወስዶ ሰጠው፦ «ሁሉም እያየ ምኑ ኩረጃ ነው? ገበያ ነው እንጂ።»

ርዕሰ መምህሩ አንብቦ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከተተው። «እሺ ጋሼ» አለ። አስረኛ ክፍል እያለ የሚለውን «እሺ ጋሼ» ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 8

የጠመኔ ሚስት ደወለችልኝ።

«እህቴ፣ ምንድነው ያስነካሽው? እየዘለለ ነው የሚወጣው።»

ሰሌዳ አልኳት።

«እኔማ ቤቱ ጸጥ ሲል ለመጀመሪያው ሳምንት እግዜርን አመስግኜ ነበር፣ አልዋሽሽም።» ሳቀች፣ ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ግን ሲስቅ ድምፅ የለውም። ትከሻው ብቻ ነው የሚነቃነቀው። እሱን ሳይ… ባይመለስስ?»

ይመለሳል አልኳት። ሐኪም አይደለሁም። ግን እንዲህ ሲባል ሌላ ምን ይባላል?

«ቢመለስስ ንብረት ክፍል ገብቶ ለማን ይናገረዋል?» አለችኝ ስልኩን ልትዘጋ ስትል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 11

ጠመኔ አጭር ፈተና ሰጠ። ነጻ ከሆነው የጥያቄ ማዘጋጃ ላይ እኔ አሰናድቼለት፣ ውጤቱ ወዲያው ወጣ። ያ የካሬው ስህተት ከጥቂት ልጆች በቀር ጠፍቷል። በምትኩ ሌላ ስህተት መጥቷል። ጠመኔ ደስ ብሎታል። «አዲስ ስህተት እድገት ነው» ብሎ ጻፈ።

ጺሙን የሣለችው የመጨረሻ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ መሆኗ ታወቀ። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከእኛ ጋር ስትማር ድምፅዋን የሰማ የለም። አሁን ጥግዋ ሁልጊዜ ሙሉ ነው።

አርብ፣ ኅዳር 21

ጠዋት ሰሌዳው አልከፈት አለ። «የነጻ ሙከራ ጊዜዎ አብቅቷል።» በእንደዚህ ያለ ትሕትና!

ነጻና ለሙከራ ነጻ… እኔ ራሴ ለይቼ አውቃለሁ ብዬ ጽፌ አልነበር? በትንንሹ የተጻፈውን ሳላነብ ነው ያለፍኩት። ሱፐርቫይዘሯ የፊታችን ሐሙስ ይመጣሉ።

ጠመኔ ሲሰማ ባዶውን ወረቀት አሳየኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ተፈታ። ቅዳሜን ስፈልግ ዋልኩ። አንድ ሰሌዳ አለ፣ የእውነት ነጻ፤ የሠሩት ሰዎች ፕሮግራሙን ከነውስጡ ለቀውታል። አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። አንድ ጊዜ ከተጫነ ኢንተርኔትም አይፈልግም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርሳቸው ከተያያዙ በቂ ነው።

ገመድ ግን «የማላውቀውን ነገር ኮምፒውተሬ ላይ አልጭንም» አለ።

ለመንኩት። ስለ ፈተናው አወራሁ፣ ስለ ልጆቹ አወራሁ። ወይ ፍንክች። ጠመኔ ሰምቶ ሰምቶ ወደ አንዱ ኮምፒውተር ሄደና የራሱን እጅ መዳፍና ጀርባውን እያገላበጠ አሳየው… ታጥቤያለሁ ማለቱ ነው። ገመድ በግድ ሳቀ። «እሺ። ግን እኔ ነኝ የምጭነው።»

ከሰዓት በኋላ ሠራ። ከበፊቱ ይፈጥናል እንዲያውም። በዚህ አጋጣሚ የሊንኩን ፈቃድ ገመድ ጠየቀኝ። «ማየት ብቻ ነው ወይስ መጻፍም?»

መጻፍም አልኩ። አሁን አውቄ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሱፐርቫይዘሯ መጡ። አጠር ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ነገር የማያባክኑ ሴት። እኔ የጠመኔ አንባቢ ተብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ርዕሰ መምህሩ አጠገቤ። እግሩ ወለሉን ሲደበድብ ይሰማል።

ትምህርቱ እንደ ሰሞኑ ሄደ። ጥያቄ፣ ጥግ፣ ቀይ ነጥብ፣ ጭቅጭቅ። የኮምፒውተሮቹ ቁልፍ ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ዝናብ ይመስላል። ሱፐርቫይዘሯ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር እየዞሩ አዩ። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለው የጺሙን ትሪያንግል አዩ። ወደ ቀጣዩ ኮምፒውተር አለፉ።

ሊጨርሱ ሲሉ መሐል ላይ ቆሙና ሁላችንም የምንለውን አሉ።

«እሺ ልጆች፣ ገባችሁ?»

ጸጥ።

አንድም «አዎ» የለም። ርዕሰ መምህሩ እግሩን አቆመ። ጠመኔ ወደ እኔ ዞረ፣ እኔ ወደ ልጆቹ። እንደ አንድ ሰው «አዎ» ሲል የኖረ ክፍል! ዛሬን ምን ነካው? ልጆቹ ግን አልደነገጡም። ስክሪናቸውን እያዩ ነበር። ጥያቄው ገብቷቸው፣ መልሱን እየፈለጉ ነው የሚመስለው።

ከመጨረሻ ወንበር እጅ ወጣ። የጺሟ ልጅ። «ለእኔ ሁለተኛው መስመር ገብቶኛል። ሦስተኛው ገና ነው። ግን ማንም እንዳይነግረኝ፣ ልደርስበት ነው።»

ሱፐርቫይዘሯ ወደ እኛ ጥግ መጥተው ቅጻቸውን አዩ። ከጎናቸው ስለነበርኩ አነበብኩት፦ «ተማሪዎች ለጥያቄ በጋራና በሙሉ ድምፅ ይመልሳሉ።» ምልክት ማድረጊያው ባዶ ሳጥን ላይ እስክሪብቷቸው ቆየ… ቆየ… ቅጹን አጠፉት። ምልክት ያድርጉ አያድርጉ አላየሁም።

ሲወጡ ጠመኔን «ይሄን ሰሌዳ ለሌሎች ትምህርት ቤቶች ላሳይ፣ ይላኩልኝ» አሉት። ጠመኔ ጻፈ፦ «የሚታየውን ወይስ የሚጻፍበትን?»

«የሚጻፍበትን» አሉ። ፊታቸው አልተለወጠም።

በሩ እንደተዘጋ ርዕሰ መምህሩ ግንባሩን ያዘ። «ምነው አንድ አዎ ቢሉ! አንዲት አዎ!»

እኔ ግን እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

ሐኪሙ እብጠቱ ቀንሷል አለ። ቢላ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ጥቂት ቃል ተፈቅዶለታል። መጮህ ግን ከእንግዲህ የለም፣ ዕድሜ ልኩን። የድሮው ድምፅ አይመለስም ማለት ነው። ስለዚህ የጽሕፈት ቤቱ ጉዳይ ያው ነው፦ ሳይጮህ ክፍል የሚይዝ መምህር ይሆናል ወይስ አይሆንም?

ሚስቱ ደወለች። በስንት ጊዜው ከአፉ የወጣውን የመጀመሪያ ቃል ልትነግረኝ። ምሳ ላይ ቀና ብሎ አያት። «ጨው አነሰው» አላት። በሳቅና በእንባ መሐል ነበረች። «ዝም ቢል ይሻል ነበር» አለችኝ። «ግን እስቲ ድገመው አልኩት።»

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

ልጆቹ ወሬውን ሰምተዋል። ከማን? ወሬ እግር አለው። ጠመኔ ሲገባ ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ በግድግዳው ወዲህ ቆሜ ስለ ልብ እያስተማርኩ ነበር። የእኔም ተማሪዎች ጸጥ አሉ። ጠመኔን ለዓመታት የሰሙት በግድግዳ ነው፤ ሁላችንም የምንጠብቀው ያቺኑ ቃል ነው።

ድምፁ መጣ። ቀጭን፣ ሻከር ያለ፣ ተዘግቶ እንደከረመ በር።

«ጻፉ» አለ።

ከዚያ ቁልፉ ሁሉ ባንድ ጊዜ ዘነበ።

ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር ክፍሉን የሁለተኛ ወሰነ ትምህርት ፕሮግራም ልሞላ ገመድ ዘንድ ሄድኩ። ለአስረኛ ክፍል ሒሳብ በተተወው ቦታ የጠመኔን ስም ጻፍኩ። ገመድ አየኝ። «በእርሳስ አይሻልም? ገና አልተወሰነም እኮ።»

በእስክሪብቶ ጻፍኩት።

የጽሕፈት ቤቱ መልስ አርብ፣ ታኅሣሥ 5 ይመጣል።